ይህ ቤት አይሸጥም

ወንድሜ ገንዘቤን የያዘልኝ እንዳይጠፋብኝ ብሎ ነው አሉ። አባቴ ሲሞት ሱቁ ተሸጠ፣ የእያንዳንዳችን ድርሻ ተለየ፣ ከዚያ «እሷ ሴት ናት፣ ያታልሏታል» ተባለና የኔ ድርሻ የሱ የባንክ ደብተር ውስጥ ገባ። እኔ አየር ጤና የመጋረጃ ሱቅ ከፍቼ፣ ከጨርቅ አስመጪ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ፣ ሰፊዎች ቀጥሬ የማድር ሴት ነኝ። እስከ ዛሬ ማንም አታሎኝ አያውቅም። ግን የቤተሰብ ነገር ሆነና፣ ለቅሶውም ገና ስላልወጣልን፣ ጥርሴን ነክሼ ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ፊቱ በርቶ ሱቄ መጣ። በእጁ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይዟል። መሠረቱ እንኳን ያልወጣ ሕንጻ ላይ አፓርታማ ሊገዛልኝ ነው። ሥዕሉ ላይ መዋኛ አለ፤ መዋኛው ዳር ጋደም ያሉት ሰዎች እንኳን የኮልፌ፣ የአገራችን ሰዎችም አይመስሉም።

«የት ነው ያለው?» አልኩት።

«ይሠራል።»

«አይ፣ አሁን የት ነው ያለው?»

«ይሠራል አልኩሽ እኮ!»

እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ግድግዳውን በእጄ መታ መታ የማደርገው፣ ካርታ ያለው፣ ቢያረጅም የቆመ ቤት። ገዝቼ አድሰዋለሁ፣ ጓሮው ላይ ክፍል እጨምራለሁ፣ አከራየዋለሁ፤ ከዚያ ከኪራዩ እያጠራቀምኩ ሁለተኛውን እፈልጋለሁ። ይሄን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «ኢንቨስተር ሆንሻ!» አለኝ። አዎ፣ ሆንኩ። ምን ያስቃል?

መሃላችን እናቴ ገባች። እስከ አረፋ በዓል ቤት ካገኘሁ ገንዘቤን ይሰጠኛል፣ ካላገኘሁ ግን ለአፓርታማው ይከፈላል ብለው ተስማሙ። ተስማማን አላልኩም፤ እነሱ ናቸው የተስማሙት። በገዛ ገንዘቤ ቀጠሮ ተሰጠኝ ማለት ነው። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ አንጀቴ እርር ብሎ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን አወራ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ፈርቶኝ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

ሰኞ ዕለት 18 ማዞሪያ ወረድኩ። እዚያ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዘው የሚውሉ ደላሎች አሉ። ከነሱ ዓይን ውጭ በአካባቢው ቤት አይሸጥም ይባላል። አውራቸው በሐሩሩም በዝናቡም የቆዳ ጃኬት የማያወልቅ ሰው ነው። ምን እንደምፈልግ ነገርኩት። ሰማኝ፣ ማኪያቶውን ፉት አለ፣ ከዚያ «እህቴ፣ ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ።

«ባለቤት የለኝም።»

«እንግዲያው ወንድምሽን።»

ደሜ ፈላ። ቢሆንም ለቤቱ ስል ዋጥኩት። ከዚያ በኋላ ያሳዩኝን ቤቶች አላህ ነው የሚያውቃቸው። አንዱ ካርታ የለውም፣ «ይወጣል» ይላሉ። አንዱ ሁለት ባለቤት አለው፣ ሁለቱም «ያኛው ሞቷል» ይላሉ። አንዱን ደግሞ ሳሎኑን ስናይ የነበረው ዋጋ ወጥ ቤቱ ስንደርስ ጨምሯል። ደህና ደህናውን ቤት ለቆዩ ደንበኞቻቸው ያስቀምጡታል፤ ለኔ የሚተርፈው ሌላው የተፋው ነው። ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ቤቱን መጀመሪያ ያሳየ ደላላ ኮሚሽኑ የሱ ነው። ከመንገድ ማዶ በጣቱ ጠቁሞ «ያ ቤት» ያለሽም እንዳሳየሽ ይቆጠራል። ዓመት ቆይተሽ በሌላ ሰው በኩል ብትገዢውም መጥቶ ይጠይቅሻል።

የት አባታቸው! አልኩና ወረቀት አሳተምኩ። በትልልቅ ፊደል «ቤት እገዛለሁ። ያለ ደላላ።» ከሥሩ ስልኬ። ቴሌግራም ላይም ለጠፍኩት፣ ግን ኮልፌ ውስጥ ቤት ያላቸው አብዛኞቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ የሚያነቡት ምሰሶ ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ሙጫና ብሩሽ ይዤ ከአየር ጤና እስከ 18፣ ከ18 እስከ ዘነበወርቅ በየምሰሶው ለጠፍኩ። መጋረጃ የምታሰፋ ደንበኛዬ በመኪና ስታልፍ አይታኝ «አንቺ፣ ለምርጫ ተወዳደርሽ እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ።

ስልኬ መጮህ ጀመረ። ወይ ጉድ! አንዷ የምከራያት ክፍል አለሽ ወይ ትላለች። አንዱ ቤት ሳይሆን የቤት ዕቃ ነው የምሸጠው ይላል። አንዱ ደግሞ ድምፁን አለስልሶ «እውነት ያለ ደላላ ነው?» አለኝ። አዎ ስለው «እኔም ሚስት ያለ ደላላ እየፈለግኩ ነው» አለና ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ቤት አለኝ ብለው በደከመ ድምፅ ያወሩኝ ጀመር፤ አዘንኩላቸው፤ አድራሻ ስጠይቅ ከኋላቸው «ማኪያቶው ቆየ እኮ!» የሚል ሰማሁ። ድምፁን ለየሁት። ያ ባለ ጃኬት ነው። እዚያው በረንዳ ላይ ስፒከር ላይ አድርገው ሙድ እየያዙብኝ ነው።

በማግሥቱ ወረቀቶቼ በሙሉ ተልጠዋል። እንደገና ለጠፍኩ። እንደገና ላጧቸው። እኔም እንደገና! ስም ወጣልኝ። በማዞሪያው ሳልፍ «ያለ ደላላ መጣች!» ይላሉ። ቀስ እያለ የታክሲ ረዳቶቹም ለመዱት፤ ፌርማታው ላይ ቆሜ ስጠብቅ «ያለ ደላላ፣ ግቢ፣ ቦታ አለ!» ይሉኛል። አልተናደድኩም። እንዲያውም እናንተው አስተዋወቃችሁኝ፣ ያለ ክፍያ፣ አልኩ በልቤ።

አንድ የሠራሁት ሞኝነት አለ፣ መጋረጃ ሻጭ ካልሆነ ሌላ ሰው የማይሠራው። እኔ ሰው ቤት እገባለሁ፣ መስኮት እለካለሁ፣ ሳሎኑን፣ ጓዳውን፣ የጣሪያውን ስንጥቅ ሁሉ አያለሁ። ከዚህ የተሻለ ምን መንገድ አለ ብዬ፣ መጋረጃ ሰቅዬ ስወጣ ወረቀቴን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ ነበር። ቤተል አካባቢ ያሉ አንዲት ወይዘሮ ወረቀቱን አንስተው አነበቡና ፊታቸው ተለዋወጠ። «ዛሬ መጋረጃ ሰቅለሽልኝ ነገ ከቤቴ ልትነቅይኝ ነው?» አሉኝ። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ነው የገባኝ። መጋረጃ የሚያሰፋ ሰው እኮ ሊኖርበት ያሰበ ነው። ለመሸጥ ያሰበ ሰው አዲስ መጋረጃ ምን ያደርግለታል? በሥራዬ የማገኛቸው ሰዎች በሙሉ ፈጽሞ የማይሸጡት ናቸው። በራሴ ሳቅኩ፣ ግን አረፋም እየቀረበ ነበር፤ ወንድሜም በየጁምዓው ከሰላት በኋላ እየደወለ «እሺ ኢንቨስተር?» ይለኛል።

ያን ሰሞን ዘነበወርቅ አካባቢ መስኮት ለክቼ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ስመለስ አንድ አሮጌ የቆርቆሮ በር አየሁ። በቀይ ቀለም፣ ጠማማ በሆነ ጽሑፍ፣ «ይህ ቤት አይሸጥም» ይላል። እንዲህ ያለ በር ስንቱን አልፌያለሁ። ሁሉም ያልፈዋል፤ ደላሎቹም ያልፉታል፣ ውስጡ ጠብ አለ ማለት ነው ብለው። እኔ ግን የዚያን ቀን እግሬ አልራመድ አለኝ። ማንም ሊሸጠው ያላሰበ ቤት ላይ አይሸጥም ብሎ የሚጽፍ ማን ነው? የኛ በር ላይ ማንም እንዲህ አልጻፈም። እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሊሸጥ ይፈልጋል፣ አንድ ሰው ደግሞ እምቢ ብሏል። እምቢ ያለውን ሰው ማወቅ ፈለግኩ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ አንኳኳሁ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ቀጠን ያሉ አሮጊት ብቅ አሉ።

«ማንበብ አትችዪም?» አሉኝ።

«እችላለሁ እማማ። ማን እንደጻፈው ነው ያላወቅኩት።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ለማን?»

«ላንቺ ቢጤ!» ብለው በሩን ፊቴ ላይ ድርግም አደረጉት።

ወላሂ ደስ አለኝ። ከነዚያ ሁሉ ስልኮች መሃል ቀጥ አድርጎ ያናገረኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌ ሄድኩ። በሳምንቱ ስመለስ ተልጧል። ደላሎቹ እዚህ ድረስ ይመጣሉ እንዴ ብዬ ተራገምኩ፤ አንኳኳሁ።

ሁለተኛውም ጊዜ በሩ ተዘጋብኝ። ሦስተኛው ላይ ዝናብ ያዘኝና «እስኪያባራ በረንዳው ሥር ቁሚ» አሉኝ። በረንዳው ያፈሳል። ሳሎኑም ያፈሳል፤ ጎድጓዳ ሳህንና ባልዲ ወለሉ ላይ ተደርድሯል። እሳቸው ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቤቱን በስማቸው የያዙ ሴት ናቸው። አንድ እሑድ ከቸርች ሲመለሱ ግቢያቸው ውስጥ የማያውቋቸው ወንዶች ሜትር ዘርግተው ሲለኩ አገኙ። መሃላቸው የገዛ ልጃቸው ቆሟል። አንዱ ሰውዬ እሳቸውን አይቶ «አሮጊቷም እዚሁ ናቸው እንዴ የሚኖሩት?» ብሎ ጠየቀው፣ ልጃቸውን። በማግሥቱ ቀለም ገዝተው በሩ ላይ ጻፉ።

«ደረጃው አቅቶኛል፣ ጣሪያውም አቅቶኛል» አሉኝ። «ልሸጠው አስቤ ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን እኔ ቆሜ፣ እኔ ሳልጠየቅ፣ እንደ ሬሳ? በኢየሱስ ስም አይሆንም!»

ይሽጡልኝ አላልኳቸውም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስለ ወንድሜ ነገርኳቸው፣ ስለ ገንዘቤ፣ ስለ አረፋው ቀጠሮ። አንገታቸውን ነቀነቁና «አንቺም ተለክተሻላ» አሉኝ። ዝናቡ ሲያባራ ሸኙኝ፣ ጽሑፉ ግን በሩ ላይ እንዳለ ነው።

አረፋ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ባለ ጃኬቱ ደላላ ሱቄ መጣ። አብሮት ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ አለ። የእማማ ልጅ ነው። ደላላው ወንበር ስቦ ተቀመጠና «በስንት ለቅሶ የምትፈልጊውን፣ ስታንኳኪው የታየሽበትን ቤት ይዤልሽ መጣሁ» አለኝ። ዋጋው ከገበያው በጣም ዝቅ ያለ ነው። ልጅየው አሳብ አይግባሽ አለኝ፤ «ማዘር ዓይኗ ደክሟል፣ የምትፈርመውን አታነበውም፤ እኛ እናመጣታለን፣ ትፈርማለች።»

እውነቱን ልናገር። ቤቱን ወድጄዋለሁ። የጓሮው ስፋት፣ ግድግዳው፣ ለመንገድ ያለው ቅርበት፣ ሁሉም በልቤ ያለው ነው። ደላላው ይሄን ያውቃል። «አረፋ እኮ ደረሰ» አለኝ እየሳቀ። ለካ ቀጠሮዬን ኮልፌ በሙሉ ያውቀዋል።

«እናትህ ራሳቸው ደውለው ካልጠሩኝ አልመጣም» አልኩት ልጅየውን።

«ደግሞ ምን ልሁን አለች ይቺ?» አለ ደላላው።

«ያለ ደላላ ነኝ። ረሳኸው?» ሜትሬን ከጠረጴዛው አነሳሁና በሩን አሳየኋቸው። ሰፊዎቼ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። ሲወጣ ደላላው ዞሮ «ቤቱን እኔ ነኝ ያሳየሁሽ፣ አስታውሺ» አለኝ።

ሱቁን ለሰፊዎቹ ጥዬ ወደ ዘነበወርቅ በረርኩ። ለእማማ የሰማሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። የሚፈርሙትን ወረቀት ሌላ ሰው ሳያነብልዎት እንዳይነኩ አልኳቸው። ቆመው ሰሙኝ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። «እሺ» ብለው በሩን ዘጉ። ይኸው ነው። ቤቱም እጄ ላይ ሳይገባ ከእጄ ወጣ ብዬ እያለቀስኩ ሄድኩ፤ የንዴት ልቅሶ ነው፣ የሐዘን አይደለም።

አረፋ ደረሰ። ወንድሜ ቤት ተሰብስበናል። በጉ ታርዷል፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል፣ እናቴ ማዕዱን ታዛለች። ወንድሜ ገና እጁን ሳይታጠብ «እንግዲህ ከበዓሉ ማግሥት ለአፓርታማው እከፍላለሁ» አለ። የእማማን ልጅ ነገር ነግሬው ስለነበር ደግሞ «እጅሽ የገባ ቤት በገዛ እግርሽ ገፋሽ፤ ለዚህ ነው ገንዘብ የማትይዢው» አለኝ በሰው ፊት። ልመልስለት አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ያለ ደላላ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ… እማማ?»

«መጀመሪያ እንኳን ለበዓልሽ አደረሰሽ። ስልኩን ከየት አመጡት አትበዪ። ወረቀትሽን ከምሰሶው ላይ የላጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳይደውልልሽ ነዋ!» ሳቃቸውን ሰማሁ። «ጌታ አሳየኝ ልልሽ ነበር፤ እሱ አይደለም ያሳየኝ። ልጄ ነው። እዚህ መጥቶ ‹ያቺ እብድ እናትህ ካልጠሩኝ አልመጣም አለች› እያለ ሲሳደብ ሰማሁት። ይኸው ጠራሁሽ።»

ቤቱን ሊሸጡልኝ ነው። ዋጋውን እሳቸው ነገሩኝ፤ ልጃቸው ከጠራው ይበልጣል፣ ግን የቤቱ ትክክለኛ ዋጋ ነው። አንድ ነገር ፈለጉ። ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ በራሳቸው ፈቃድ እስካልወጡ ድረስ፣ ማንም እንዳያስወጣቸው። ውሉ ላይ ይጻፍ አሉ። እሺ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ለወንድሜ ነገርኩት።

«አሮጊት ያለበት ቤት ማን ይገዛል?» አለኝ።

«እኔ!» አልኩት። «አረፋ ዛሬ ነው። ዛሬ ደግሞ ገና አላለቀም።»

ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ማዕዱን ትታ ዓይን ዓይኑን አየችው። የበጉን ሥጋ ማንም አልነካም። በማግሥቱ ገንዘቤን አወጣልኝ።

ውሉን የተፈራረምን ቀን እማማ ነጭ ለብሰው መጡ። ወረቀቱን ከመፈረማቸው በፊት ጮክ ብሎ እንዲነበብላቸው አደረጉ፤ ያልገባቸውን ሁለቴ አስነበቡ። ልጃቸው ራሱ ቆሞ እንዲሰማ ጠርተውት ነበር። ከውልና ማስረጃ ስንወጣ ባለ ጃኬቱ በሩ ላይ ይጠብቀናል። ቤቱን ያሳየኋት እኔ ነኝና ኮሚሽኔን አለ።

«ቤቱን ያሳያት በሬ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው» አሉት እማማ። «እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮሚሽን ካለ ለኔ ትክፈለኝ።»

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ደላላውም፣ አልዋሽም፣ ሳቅ አመለጠው።

ይሄ ከሆነ ቆይቷል። ጣሪያው ተቀይሯል፣ ጓሮው ላይ ክፍል ጨምሬ አከራይቻለሁ። ሁለተኛ ቤት እየፈለግኩ ነው፤ ወረቀቴ አሁንም በየምሰሶው ላይ ነው፣ አሁንም ይልጡታል። እማማ ሰርቪሷ ውስጥ ናቸው። የቸርች መዝሙራቸውን ሲያንጎራጉሩ የተከራዮቼ ልጆች ይከተሏቸዋል። እኔም ስመጣ እሳቸው ጋ ነው የምሰግደው፤ ምንጣፌን አጥፈው ያስቀምጡልኛል።

ባለፈው ሰሞን በበሩ የሚያልፈው መንገድ አስፋልት ሆነ። ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት እማማ ሱቄ ደወሉ። «ነይ፣ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተዋል» አሉኝ። ኮንትራት ታክሲ ይዤ ደረስኩ። ግቢዬ ውስጥ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ከአጥር እስከ አጥር ሜትር ዘርግተዋል። መሃላቸው ወንድሜ። ከወንድሜ አጠገብ ባለ ጃኬቱ። ወንድሜ እንዳየኝ ደስ ብሎት ወደኔ መጣ፤ «ምን ያህል እንደሚሰጡሽ ብትሰሚ! እኔ እኮ ለጥቅምሽ ነው» አለ። ካርታው በስሜ ነው። ውሉ በስሜ ነው። ግን እኔን መጠየቅ ትዝም አላለው።

አልጮህኩበትም። ይሄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ወደ ሰርቪሷ ዞር ስል እማማ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ በእጃቸው አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ይዘዋል። ክዳኑ ተጣብቆ ነበር፤ በማንኪያ እጀታ ፈልቅቀው ከፈቱልኝ። ብሩሽ ስላልነበረ የመለጠፊያ ብሩሼን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከግቢው ወጣሁና ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዘውን የእማማን ጽሑፍ፣ እያንዳንዱን ፊደል፣ በላዩ ላይ ደግሜ ጻፍኩት። ወንድሜ ስሜን እየጠራ ተከትሎኝ ወጣ። ሜትር የያዙት ሰዎች ሜትራቸውን ሰብስበው በጎኔ አለፉ፣ ወንድሜም እየሮጠ ተከተላቸው።

ደላላው ብቻ ቀረ። እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ቀዩ ቀለም ሲወርድ አየ።

«ያለ ደላላም አይሸጥም?» አለኝ።

«ያለ ደላላም!» አልኩት፣ ሳልዞር።